አምስት ሰው ያየው ሰንሰለት

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው እናቴ "አራት ሰዓት ሆነ፤ ይሄ ሰውዬ ቁርሱን ሳይበላ የት ገባ?" ብላ ሳትጨርስ የአባቴ መኪና ደጃፋችን ስለቆመች ነው። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ አወጣ። የደህንነት ቀበቶ አስሮለት ነበር።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

"መጋዝ ነው።"

"መጋዝ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የሚሄደው?"

"የሞተር መጋዝ ነው። የድሮ። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው አሁን አያመርቱም።"

"እሱስ ይሠራል?"

አባቴ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ጋራዡ ገባ።

መጋዙን የሰጡት ኦግደን የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ቀደም ሲል አንድ መጋዘን ውስጥ አብረውት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ቤታቸውን ሲያጸዱ "ካልወሰድከው እጥለዋለሁ" አሉት። አባቴ "እጥለዋለሁ" የሚል ቃል ሲሰማ ራሱን መግዛት አይችልም። ፋልከንሪጅ በሚባለው ሰፈር ያለው የቤታችን ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ ያለው ሁሉ ከመጣል የተረፈ ነው። ሁለት የሣር ማጨጃ፣ ቀበቶው የተበጠሰ የመሮጫ ማሽን፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የማይታወቅ በር።

ይሄኛው ግን ምክንያት ነበረው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የደመራ ስብሰባ ነበር። ያለፈው ዓመት ደመራችን የተሠራው ከነዳጅ ማደያ በተገዛ፣ በላስቲክ በታሸገ እንጨት ነው። ቁመቱ የቄሱ ወገብ ላይ አልደረሰም። ፎቶው ሲለጠፍ ከሌላ ከተማ ያለ አንድ ምእመን ሥሩ ላይ "ማርሽሜሎው ረስታችኋል" ብሎ ጻፈ፤ እዚህ አገር ሰው በትንሽ የካምፕ እሳት ላይ እየጠበሰ የሚበላው ጣፋጭ ነው። ይህ አስተያየት ዓመቱን ሙሉ አጀንዳ ሆኖ ቆየ። ዘንድሮ ከከተማ ውጭ ሰፊ መሬት ያላቸው አንድ የኮሚቴ አባል ነፋስ የጣላቸው፣ ፖፕላር የሚባሉ ረጃጅም ደረቅ ዛፎች እንዳሏቸው ሲናገሩ፣ ማን ይቆርጣል የሚለው ጥያቄ መጣ። ባለሙያ በኪራይ እናምጣ ተባለ። ያን ጊዜ አባቴ ከመጨረሻው ረድፍ እጁን አወጣ።

"ለእኔ ተዉት" አለ። "መሣሪያውንም እኔ አመጣለሁ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እዚህ ውጭ አገር ግን አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ እሑድ ደግሞ የአዳራሹን ወንበር ይደረድራል። በቤተ ክርስቲያናችን አባቴ ማለት የወንበሩ ሰው ነው። ሞተር ሲነካ ያየው አንድም ሰው የለም። ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም ሳይጠይቀው "አንድ ጊዜ ያዩኝ" አለ። 

ብርድ ልብሱን ስንገልጠው ቀለሙ የተላላጠ፣ ክብደቱ የዓመት ሕፃን የሚያህል፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ከክንዴ የሚረዝም ማሽን ወጣ። ክዳኑ ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ ለቅቃለች። የማስነሻ ገመዱ ተበጥሷል። የነዳጅ ቱቦውን ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህን ሁሉ በተራ ቁጥር ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ልማዴ ነው። አንድ የምህንድስና ድርጅት ውስጥ ሌሎች የጻፉትን ሪፖርት እያነበብኩ ስህተት አወጣለሁ፤ ስህተቱን የማሳየውም በገጹ ጠርዝ ላይ በመጻፍ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ማንንም አልፈራም። ሰው ፊት ቆሞ "ይህ ልክ አይደለም" ማለት ግን አልሆነልኝም። ምግብ ቤት ያላዘዝኩት ሲመጣልኝ አመስግኜ እበላለሁ።

እንግዲህ እኔና አባቴ ሥራ ጀመርን። ችግሩ የጋራ ቋንቋ አለመኖሩ ነበር። አባቴ የማሽን ክፍሎችን የሚያውቃቸው በአዲስ አበባ ጋራዥ ስማቸው ነው። "ጓርኒሲዮኑ አልቋል፣ ካንዴላውም ይቀየር፣ ኦርደር አድርጊ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሥዕሉን ከማኑዋሉ ላይ ፈልጌ፣ ቁጥሩን አግኝቼ፣ እንግሊዝኛውን አዝዤ፣ ዕቃው በፖስታ ሲመጣ "ይሄ ነው?" እለዋለሁ። አባቴ በጣቶቹ መሃል አሽቶት፣ አሽትቶት፣ "ቻይና ነው፤ ግን ይሁን" ይላል። ሁሉንም ዕቃ እንዲህ ብሎ ነው የተቀበለው፤ ሣጥኑ ላይ ጀርመን የተጻፈበትንም።

ካርቡራተሩን ለማጽዳት አባቴ የራሱ ዘዴ ነበረው። ከሥራ ስመለስ እናቴ ምድጃው ፊት ቆማ ድስት ውስጥ ታያለች።

"ነይ እስቲ" አለችኝ። "አባትሽ ምሳ ሠርቷል።"

ካርቡራተሩ በሎሚ ውሃ ይንፈቀፈቃል።

"ዝገቱን ይፈታዋል" አለ አባቴ ከኋላዬ።

"የኔን ድስት ማን ይፈታዋል?" አለች እናቴ። "አሮጌ ብረት ቀቅለህ መረቁን ልትጠጣ ነው?"

"ነገ አዲስ ድስት እገዛልሻለሁ።"

"አይ፣ ግድ የለም። ለኮሚቴው ወጥ ስሠራ በዚሁ ነው የምሠራው።"

አራት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አባቴ ሺፍቱን ጨርሶ ይመጣል፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ጋራዥ ይገባል። እኔ የጥርስ ብሩሽ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ አቀብላለሁ፤ ማኑዋሉን አነባለሁ። ብዙ አናወራም ነበር፤ ሁለታችንም ለዚህ የተፈጠርን ነን። አንድ ሐሙስ ገመዱን ሲስብ መጋዙ ሳል አለ። እንደገና ሳበው፤ ገመዱ እጁን መትቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ተነሳ። ድምፁ ጋራዡን ሞልቶ ሲወጣ ማዶ ያለው ቤት መጋረጃ ተከፈተ። አባቴ እጁን እያራገፈ፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቼው አላውቅም።

የቀረው አዲሱን ሰንሰለት መግጠም ብቻ ነበር። ያ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን እንግዳ ጠራን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ጅማ አካባቢ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሠርተዋል፤ በዚህም ምክንያት በእንጨት ጉዳይ ሁሉ፣ በወለል ንጣፍም ጭምር፣ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ባለመሬቱንና ሌላ አንድ የኮሚቴ አባል አስከትለው ነበር። አባቴ ሰንሰለቱን ከካርቶኑ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘውና ቆመ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት እኔ አልገጥምም" አለ።

"ኧረ ተው፣ ባለሙያው አንተ ነህ።"

"በጭራሽ። እጅዎን ያሳርፉበት።"

በዓል ላይ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ቢላዋው ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው ማለት ነው። ትልቅ ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ይቀበላል። ጋሼም ሦስት ጊዜ እምቢ ብለው ተቀበሉ። መነጽራቸው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። ሰንሰለቱን ብረቱ ላይ አዞሩት፣ ክዳኑን መለሱ፣ ሁለቱን ዳዶ በቁልፍ አጠበቁ። ከዚያ ወገባቸውን ቀና አድርገው "በሉ፣ ይሄው" አሉ።

ተገልብጧል። የሰንሰለት ጥርስ ከላይ ሲታይ ወደ ብረቱ ጫፍ ነው መመልከት ያለበት። ማኑዋሉ ላይ ቀስት ተሥሏል፣ ብረቱም ላይ ቀስት ተቀርጿል። የእኛ ጥርሶች ሁሉ ዞረው ወደ ሞተሩ ይመለከታሉ። ማኑዋሉ ደረቴ ላይ ተከፍቶ፣ ገጹ ላይ ጣቴን አድርጌ አየሁት። አባቴን አየሁት፤ እሱም ሰንሰለቱን ያያል። ባለመሬቱ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። ሌላው የኮሚቴ አባል ሳል መጣባቸው።

"እሰይ" አለ አባቴ። "እንዴት ያለ አገጣጠም ነው።"

"አቤት እጅ" አሉ ባለመሬቱ።

እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ ገባሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋራዡ ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

"አባዬ፣ ሰንሰለቱ ዞሯል።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ጋሼ በእጃቸው የገጠሙትን ከኋላቸው እንፍታው?"

"ሁለት ዳዶ ነው እኮ።"

"ነገ ሲያዩት አላመኑኝም ነው የሚሉት። ትልቅ ሰው ናቸው።" ትንሽ አሰበና "ደግሞ የመሰንጠቂያ ሰው ናቸው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ያዩታል" አለ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ሁለቱ የኮሚቴ አባላትም ሲመለሱ መኪና ውስጥ ይህንኑ አንስተው "ባለቤቱ ዝም ካለ እኛ ምን አገባን" ተባብለዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ባለመሬቱ ሜዳ ወጣን። ለሙከራ ነው የተባለው፤ ግን ሃያ ሰው የሚሆን መጥቷል። ቄሱም ነጠላቸው ላይ የክረምት ጃኬት ደርበው ቆመዋል። ጋሼ ስለ ደመራና ስለ እንጨት አጭር ንግግር አደረጉ። የእሳቸው አጭር ንግግር እግር ያደነዝዛል። ከዚያ አባቴ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በጫማው ረግጦ፣ ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ተነሳ። ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ ሴትዮ "እንዴ፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን ነው" አሉ፤ አባቴ ሰምቶ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ለማየት አራት ሳምንት ካቻቢቴ አቀብያለሁ።

ቀጥሎ መጋዙን ለሙከራ ወደተቀመጠው አጭር ጉማጅ ግንድ ከማውረዱ በፊት ጋሼን አያቸው። እንዲያዩት ሰንሰለቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ትንሽ አቆየው። ጋሼ በጭንቅላታቸው "ቀጥል" አሉት።

ቀጠለ። መጋዙ ጮኸ፣ ግንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ፤ ሰጋቱራ የሚባል ነገር ግን አልወጣም። ጥቂት ቆይቶ ጭስ ወጣ። ሽታው የተቃጠለ ቂጣ ይመስላል። አባቴ ተጫነው፤ ጭሱ ጨመረ።

"ደመራው ዛሬ ነው እንዴ?" አሉ ቄሱ፤ ሰው ሳቀ።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ግንዱ ላይ የቀረው ጣት የማያስገባ፣ እንደ ጫማ የተወለወለ ጥቁር መስመር ነው። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩና "ጉልበት የለውም" አሉ።

"ልክ ነዎት ጋሼ" አለ አባቴ፤ በጣም ፈጠነ። "ሞተሩ ደክሟል። እኔ ነኝ በደንብ ያልሠራሁት።"

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ ከፍቼው ነበር። ሃያ ሰው አየሁና "ውሃ የሚፈልግ አለ?" አልኩ።

"ምንም አይደል" አሉ ባለመሬቱ አባቴን ትከሻውን እየመቱ። "የማደያው እንጨት አለልን። ሁሉም ሰው ሁሉን አይችልም። ወንበር በመደርደር ግን የሚያክልህ የለም።"

ለማጽናናት ነው ያሉት።

አባቴ የጨሰውን ጉማጅ ግንድ ከመጋዙ ጋር መኪናው ላይ ጫነ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቤት ሲደርስ እጁን ረጅም ሰዓት ታጠበና "ነገ ከሺፍት ስወጣ ብረት መጣያ እወስደዋለሁ" አለ። እናቴ አንድ ቀልድ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ፎጣ ብቻ አቀበለችው። የደነገጥኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሰኞ አባቴ ገና ሳይነጋ ወደ አየር ማረፊያ ሄደ። እኔ ለአለቃዬ አረፍዳለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ ቀላል ነበር። ቀጥሎ ለጋሼ መልእክት ልጽፍ ጀመርኩ። "ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ፣ ስለ ትናንቱ ጉዳይ በትሕትና" የሚል። ሦስት ጊዜ አሰማመርኩት። በሦስተኛው ረቂቅ ሰንሰለት የሚለው ቃል ራሱ ጠፍቶ፣ ለንግግራቸው ምስጋና ሆኖ አገኘሁት። አጠፋሁትና መጋዙን፣ ጉማጁን፣ ማኑዋሉን፣ የዓይን መከላከያውንና የጆሮ መሸፈኛውን መኪናዬ ላይ ጫንኩ። ሞተር ማስነሳት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚፈቀድ የከተማውን ደንብ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ደጃቸው ፓርክ አደረግኩ። ከመኪናው የወረድኩት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ጋሼ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው ከፈቱ።

"ልጄ፣ ምነው? አባትሽ ደህና?"

"ደህና ነው ጋሼ። እንዴት አደሩ። መጋዙን ይዤ ነው።"

"ያንን ደካማ?"

"ደካማ አይደለም። ሰንሰለቱ ተገልብጦ ነው።" ማኑዋሉን ከፍቼ ሥዕሉን ዘረጋሁላቸው።

ሥዕሉን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ። "ማን ነው የገጠመው?" አሉ።

መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ እኔ ነኝ ልል ነበር። ማንም አይጎዳም፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ነገር ግን አባቴ ትናንት ያለው ይህንኑ ነው።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አልኩ። ያልኩት ነጠላ ጫማቸውን እያየሁ ነው።

 ከዚያ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ጉልበት የለውም ካልኩ በኋላ ነው የታየኝ። አባትሽ ደግሞ ፈጥኖ 'ልክ ነዎት' አለ። የጋራዥ ሰው እንዲህ ካለ፣ ሁለቱ የኮሚቴ ሰዎች ዝም ካሉ፣ አንቺ የተማርሽው ዝም ካልሽ፣ ምናልባት እንዲህም ይገጠማል አልኩ።"

"እርስዎ ግን መሰንጠቂያ ውስጥ…"

"መዝገብ ቤት ነበርኩ። የእንጨት መውጫ ወረቀት ነው የምጽፈው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ። ወለል ሁሉ ሲያስመርጡኝ፣ ምን ልበል?"

መነጽራቸውን አድርገው ወደ መኪናው መጡ። ዳዶዎቹን እኔ ልፍታ ስል እጄን በቀስታ ገፉት። ክዳኑን ራሳቸው አወለቁ፤ እኔ ማኑዋሉን ያዝኩ። ቀስቱን በጣታቸው እየተከተሉ ሰንሰለቱን አዞሩት፣ መልሰው አጠበቁት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው አባቴ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው የመኪናዬ ኮፈን ላይ አስቀመጡት። አባቴ እረፍት ላይ ነበር።

"ስማ፣ ሞተርህ ምንም የለበትም። ሰንሰለቱን ገልብጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሑድ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

"ኧረ በጭራሽ ጋሼ። እኔ ነኝ ጠፍሬ ያላሰርኩት።"

"እኔ ነኝ እልሃለሁ።"

"እርስዎማ አይሆኑም። ነዳጁም አሮጌ ነበር።"

"የምን ነዳጅ? ልጅህ እዚህ ቆማለች፣ ነግራኛለች።"

"እሷ? እሷ ምን ታውቃለች ጋሼ፣ ይቅር ይበሏት።"

ሁለቱም ምግብ ቤት ውስጥ "እኔ ነኝ የምከፍለው" ብለው ደረሰኝ እንደሚነጣጠቁ ሰዎች ጥፋቱን ይሻሙ ጀመር። ይህ በባሕላችን በቀላሉ አያልቅም። እኔ የዓይን መከላከያውን አደረግኩ፣ ጆሮዬን ሸፈንኩ፣ ጉማጁን ከሣሩ ጠርዝ ላይ አጋደምኩ። መጋዙን በጫማዬ ረግጬ ገመዱን ሳብኩ። በመጀመሪያው ሳል አለ። በሁለተኛው እጄን መታኝ። በሦስተኛው ተነሳ።

ከጥቁሩ መስመር አጠገብ አወረድኩት። መጫን አላስፈለገኝም፤ በራሱ ክብደት ገባ። ነጭ ሰጋቱራ ጫማዬ ላይ፣ ካልሲዬ ላይ፣ የጋሼ ፒጃማ ላይ ተረጨ። ጉማጁ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ። ሞተሩን ሳጠፋ ጋሼ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል፤ ስልኩም ጸጥ ብሏል። የተቋረጠ መሰለኝ።

"አባዬ?" አልኩ።

"ሰምቻለሁ" አለ አባቴ።  "ሲቆርጥ ትንሽ ይፈጥናል፤ ነዳጅ አንሶታል። ከጎኑ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር አላልተሽ ክፈቻት። ካቻቢቴ አለሽ?"

የለኝም ነበር። ጋሼ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ፤ ሲመለሱ ከእጀታው በኩል አድርገው ሰጡኝ። እኔም አንዴም "እርስዎ ያስተካክሉት ጋሼ" ሳልል ተቀብዬ ሩብ ዙር ከፈትኳት።